የመዘግየት ጉልበት

ከዜሮ በታች ሠላሳ አንድ። አርየፕሉግ፣ ከስዊድን ጫፍ፤
ሐይቁ ክንድ ተስንዝር ጠጥሮ፣ ትንፋሽ ከጢም ላይ ሲረግፍ፣
ሄልመር ከጎህ በፊት ወጥቶ፣
ስልሳ ቀዳዳ በስቶ፣
ውፍረቱን በእርሳስ ጽፎ፣ ከሥሩ መስመር አስምሮ፣
“ይሸከማል” ሲል ነው መኪና የሚገባው፤ ዘንድሮም እንደ ድሮ።

ዊብከ ከዳርምሽታት መጥታ፣ ኮምፒዩተሯን ጭኗ ላይ፣
ሦስት ሌሊት አልተኛችም፣ በአንድ መንቀጥቀጥ ስቃይ።
መኪናው ብርድ ላይ አድሮ፣ ሲነሣ ከዳገቱ ሥር
አንዴ ወደፊት አንዴ ወደ ኋላ፣ ሲንገራገር ሲንገራገር።

“ሞተሩ ታሟል?” አለ ሄልመር፣ ጓንቱን በጥርሱ አውልቆ።
“ሞተሩስ ደህና ነው፤ ግምቴ ነው የሄደው ርቆ።”

ከዚያ በውርጭ መስተዋት ላይ በጣቷ ክብ ሣለች፣
በክቡ ውስጥ ሌላ ክብ፤ እንዲህም አለች፦

“ኢንዳክሽን ሞተር ማለት፣ ውጩ ቋሚ ነው፣ ሦስት ጥቅልል ሽቦ ታቅፎ፤
ኮረንቲው በተራ በተራ አንዱ ካንዱ ሲቀባበል አልፎ፣
መግነጢሱ ብቻ ይዞራል፤ አካል የለው፣ ነፋስ ነው።
ውስጡ የመዳብ ቀፎ ነው፤ ሽቦ የለ የሚነካው፣
ገመድ የለ የሚጎትተው።
ያን ነፋስ ሲያሳድድ ይኖራል፤
ይቀርበዋል እንጂ አይደርስበትም።”

“ቢደርስበትስ?”

“ቢደርስማ፣ እኩል ቢሄዱማ፣
አንዱ ላንዱ የቆመ ነው፤ ጭር ይላል እንደ ባድማ።
ጉልበቱ ያለው በመዘግየቱ ነው፣ በዚያች ስንዝር ልዩነት፤
ብትጠብ ይደክማል፣ ብትሰፋ ያልቃል በከንቱ ሙቀት።
የእኔ እንጀራ ያቺ ስንዝር ናት።”

ሄልመር ሳቀ፤ ሳቁ ጢሙ ላይ በረዶ ሆኖ ቀረ።
“አርባ ዓመት ከሄድቪግ ኋላ፣ እንዲሁ ነው ትዳሬ የኖረ።”

እሷን ሳቅ አልያዛትም።
“ባትሪው የሚሰጠኝ ቀጥ ያለ ነው፤ ትራንዚስተሮቹ በሴኮንድ
አሥር ሺህ ጊዜ ከፍተው ዘግተው ይፈልጡታል እንደ ግንድ፤
ፍልጡን ማዕበል አድርጌ፣ ደግሞ በሐሳብ ለሁለት ከፍዬ፣
ገሚሱን ‘መስኩን አቁም’፣ ገሚሱን ‘ግፋ’ ብዬ፣
በዘጠና ዲግሪ ልክ፣ እንዳይነካኩ ለይቼ—
እዚህ ላይ ነው መሳሳቴ፤ አንግሉን ከየት አምጥቼ?
ቀፎው ውስጥ መለኪያ የለኝም።
የመዳቡን እምቢታ ከውጭ ሆኜ ነው የምገምተው።”

ሄልመር ዝም ብሎ ወረደ፤
ጫፈ ብረት ዘንግ አንሥቶ፣ በጨለማው ነጎደ።
መታ። ቆመ። አደመጠ። ደግሞ መታ።
“እዚህ ድፍን ነው ድምፁ። እዚያ ግን ከሥሩ ምንጭ አለ፣ ባዶ ይላል።
ደብተሬ? ደብተሬማ የትናንቱን ያውቃል።
ዛሬን የሚያውቅ ዘንጉ ነው።”

የዊብከ ጣት ከፊደሉ ላይ ቆመ።
ሰንጠረዡን የጻፈችው
በግንቦት ነው፣ በሞቀ አዳራሽ፣ መዳቡ ግሎ ሳለ።
ቀዝቃዛ መዳብ ለኮረንቲ ደጁን ይከፍታል፤
ለጥቂት መዘግየት ብዙ ይጎትታል።
እሷ ግን በዚህ ብርድ የግንቦትን ስንዝር እየሰፈረች፣
ሁለቱን ኮረንቲ ራሷ ታደባልቅ ነበረች።

ቁጥሩን ሰረዘች። በቦታው ትእዛዝ አኖረች፦
ከመነሣትህ በፊት በትንሽ ኮረንቲ ምታ፤
ምታና መልሱን ጠብቅ፤ ስንዝሩን ከዚያ ለካ፣ በተርታ።

ንጋት ላይ ዳገቱን ወጡ። ከጫፉ ሊደርሱ ሲሉ
መኪናው አንዴ ራደ። አንዴ ብቻ። “እሱን ነገ” አለች።

ቁልቁል ሲሆን እግሯን ከነዳጅ መስጫው አነሣች
(ነዳጅ የለም፤ ስሙ ብቻ ነው የቀረው)፤
መርፌው ወደ አረንጓዴ ዞረ፣ ባትሪው ይሞላ ጀመረ።

“አሁንስ ማን ቀደመ?”

“ቀፎው። ነፋሱን አዘገየሁበት፤
የቀደመ ይከፍላል።”

“የቀደመ ይከፍላል...” ሄልመር መሰርሰሪያውን አነሣ፤
ስልሳ ቀዳዳ ይጠብቀዋል።
“ይህን እንኳ ለሄድቪግ አልነግራትም።”